ቁጭ ብዬ የበላሁበት ግብዣ

ስዊዘርላንድ፣ ሎዛን ውስጥ እየኖሩ ለሚጾሙ ሰዎች የፎንዱ ቀን መምረጥ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ፎንዱ በወይን የቀለጠ ቺዝ ነው፤ ዳቦ በሹካ እየነከሩ ሁሉም ከአንድ ማሰሮ ይበሉታል። ስዊሶች ፎንዱ የሚበሉት ብርዱ ሲጠና ነው። ብርዱ ሲጠና ደግሞ እኛ ጾም ላይ ነን። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል፣ እስከ ገና ድረስ ቺዝ አይታሰብም። ከገና በኋላ ትንሽ ፋታ ይገኝና ነነዌ ትመጣለች፣ ከዚያ ሁዳዴ። በመሃል ረቡዕና ዓርብ አሉ። ስለዚህ ገና እንዳለፈ ያለውን ቅዳሜ ያዝኩና ለሁሉም ደወልኩ።

ፎንዱ ያስተማሩኝ ጎረቤቴ ናቸው፤ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ፍሪቡር የሚባለው የስዊስ አውራጃ ተወላጅ። ማሰሮውንም፣ ረጃጅም ሹካዎቹንም፣ ከታች የምትቀመጠውን ትንሽ ምድጃም ያዋሱኝ እሳቸው ናቸው። ማሰሮው ካክሎን ይባላል፤ ወፍራምና እጀታ ያለው ነው። እሳቸው የሚሠሩት «ግማሽ በግማሽ» የሚሉትን ነው፦ ግማሹ ግሩየር የሚባለው ቺዝ፣ ግማሹ የፍሪቡር ቫሽራን የሚባለው ቺዝ። ለአንድ ሰው 200 ግራም። ለአራት ሰው እንግዲህ 800 ግራም ቺዝና 3 ዴሲሊትር ተኩል ያህል ነጭ ወይን ማለት ነው።

ማሰሮው መጀመሪያ በነጭ ሽንኩርት ይታሻል። ወይኑ ይሞቃል። የተፈቀፈቀው ቺዝ በትንሽ የበቆሎ ስታርች ተለውሶ ጥቂት በጥቂት ይጨመራል፤ ማማሰያው ታች ድረስ እየነካ 8 ቁጥር እየሠራ ይዞራል። ያቺን ሰዓት በጣም እወዳታለሁ። ቺዙ መጀመሪያ ክር ክር ይልና ወይኑ ላይ ለብቻው ይንሳፈፋል፤ ፈጽሞ የሚዋሃድ አይመስልም። ያኔ ነው እሳቱን ሳያበዙ ዝም ብሎ ማማሰል። የወይኑ አሲድ የቺዙን ፕሮቲን አጥብቆ የያዘውን ካልሲየም ያላላዋል፤ ስታርቹ ደግሞ ስቡ ተለይቶ እንዳይወጣ ይጠብቀዋል። ትንሽ ቆይቶ ሁሉም አንድ ሆኖ ያብለጨልጫል። አልዋሃድ ካለ ጥቂት ሎሚ ጠብ ይደረግበታል። መጨረሻ ላይ ቁንዶ በርበሬ፣ ገውዝና ኪርሽ የሚሉት የቼሪ አረቄ ይገባል።

አንዷ ጓደኛዬ አልኮል አትቀምስም። ለእሷ በትንሽ ድስት ቫሽራን ብቻ ለብቻው ሠራሁላት። እሱ በወይን ፋንታ በውኃ ይሠራል፤ በጣም ለስላሳ እሳት ይፈልጋል፣ መፍላት የለበትም። በፍሪቡር የታወቀ አሠራር ነው እንጂ ለእሷ ተብሎ የተፈጠረ አይደለም። ይህን ስነግራት ደስ አላት።

ዳቦው የትናንት ቢሆን ይመረጣል። እያንዳንዱ ቁራጭ ቅርፊት ሊኖረው ይገባል፤ ሹካው የሚይዘው ቅርፊቱን ነው።

ከዳቦና ከቺዝ ሌላ ጠረጴዛው ላይ የነበረው በኮምጣጤ የተቀመጠ ትንንሽ ኪያርና ሽንኩርት ብቻ ነው። እውነቱን ለመናገር ይህ ከበደኝ። በእኛ ቤት እንግዳ ተጠርቶ አንድ ነገር ብቻ አይቀርብም። ቢያንስ ጥብስ ልጨምር ብዬ ፍሪጁን ስንት ጊዜ ከፈትኩ! ጎረቤቴ ግን «ምንም አትጨምሪ፣ ዋናው እሱ ነው» ብለውኝ ነበር። ሰማኋቸው።

እንግዶቹ መጡ፣ ተቀመጡ፣ ምድጃዋ ተለኮሰች፣ ማሰሮው መሃል ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ የምሠራው ነገር አልነበረም።

እናቴ እንግዳ ባለበት ቁጭ ብላ ስትበላ አይቼ አላውቅም። «ብሉ እንጂ፣ ምነው?» እያለች ትቆማለች፤ ወጥ ትጨምራለች፣ እንጀራ ትደርባለች፣ እሷ የምትበላው ሁሉም ከሄደ በኋላ ጓዳ ውስጥ ነው። እኔም ያደግኩት በዚህ ነው። ቤቴ ስንት ሰው ጋብዤ የተወራውን ግማሹን አልሰማሁም፤ ኩሽና ነበርኩ። ከእንግዶቹ መካከል ሁላችንም እትዬ የምንላቸው ሴት አሉ። ሁልጊዜ «እስቲ ቁጭ በይ ልጄ» ይሉኛል፣ እኔም «እሺ እትዬ፣ መጣሁ» እላለሁ፣ አልመጣም። ቅዳሜ ግን ተቀመጥኩ። ፎንዱ ጓዳ የለውም። የሚበስለውም የሚበላውም ጠረጴዛው ላይ ነው። የሚያማስለውም በላተኛው ነው፤ ሁሉም ዳቦውን ሲነክር ታች ድረስ ማዞር አለበት፣ አለበለዚያ ይይዛል።

እትዬ ለመጉረስ ሹካ አላስቻላቸውም። ዳቦውን ከሹካው በጣታቸው አወጡት፣ እፍ እፍ አሉበት፣ ክሩን ጠቀለሉትና አጎረሱኝ። «ለሁለተኛ ደግሞ» ብለው ደገሙኝ። በቤቴ ግብዣ ላይ ሞቅ ያለ ነገር በልቼ አላውቅም ነበር።

ዳቦው ማሰሮው ውስጥ የወደቀበት ሰው ቅጣት አለበት። እዚህ አገር ወይን ያስገዛሉ ወይም ያዘፍናሉ። እኛ ማዘፈኑን መረጥን፤ የአንዱን ጓደኛችንን የጎንደር ዘፈን ሰማን፣ ድምፁ እንዲህ የሚያምር መሆኑን እስከዚያች ሰዓት አናውቅም ነበር።

በፎንዱ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ አይጠጣም ይላሉ፤ ወይ ወይን ወይ ትኩስ ሻይ ነው። የዙሪክ ሐኪሞች ይህንን እ.ኤ.አ. በ2010 አጥንተውት ነበር። ወይን የጠጡት ሰዎች ጨጓራ ሻይ ከጠጡት ይልቅ ቀስ ብሎ ነው ምግቡን ያሳለፈው። እኔ ሻይ በቅርንፉድ አፈላሁ።

ፎንዱን የመላው ስዊስ ምግብ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የቺዝ ዩኒየን ያካሄደው ማስታወቂያ ነው ይባላል። ዩኒየኑ እ.ኤ.አ. ከ1914 እስከ 1999 የነበረ፣ የአገሩን ቺዝ ገበያ የሚቆጣጠር ድርጅት ነው። ለጎረቤቴ ይህን ባነሳላቸው «እኔ የተማርኩት ከእናቴ ነው» አሉኝ። አመንኳቸው።

ማሰሮው ሲያልቅ ታች የሚቀር ቡናማ ቅርፊት አለ፣ ላ ረሊዥዩዝ ይሉታል። በቢላ ተፍቆ ይወጣል፣ እንደ ቆሎ ይንኮሻኮሻል። ለእትዬ ሰጠናቸው፣ እሳቸው ቆራርሰው ለሁላችን አደሉን። ከዚያ ወረቀት አስመጡና ልኩን አጻፉኝ። ሁዳዴ ሳይገባ እሳቸው ቤት ነን፤ ከዳቦው ጋር የተቀቀለ ድንች ይጨምራሉ፣ ሚጥሚጣም አይቀርም ብለዋል።