የሳፊዬ በረኪና፦ የቱርኩ «ማሱምላር አፓርትማኒ» ከስደት ቤት ሲታይ

የቱርኩ የቴሌቪዥን ድራማ ርእስ «ማሱምላር አፓርትማኒ» ቃል በቃል «የንጹሓን አፓርታማ» ማለት ነው። ቤይሩት ወይም ጅዳ የኖረች ሴት «ማሱም» የሚለውን ቃል ለመረዳት ቱርክኛ መማር አያስፈልጋትም። ከአረብኛው «መዕሱም» የመጣ ነው፤ በደል የሌለበት እንደማለት። ቱርክኛው የሚናገረው ስለ ልብ ንጽሕና ብቻ ነው። አማርኛችን ግን የታጠበውን ወለልም፣ ኃጢአት የሌለባትን ነፍስም «ንጹሕ» ብሎ በአንድ ቃል ይጠራቸዋል። ድራማው የሚያጠነጥነው ሁለቱ ትርጉሞች በአንዲት ሴት ውስጥ በመደበላለቃቸው ላይ ስለሆነ፣ ርእሱ ከቱርክኛው ይልቅ በአማርኛ የሞላ ይመስለናል። እጇን ደጋግማ የምትፈትገው ታላቅ እህት ሳፊዬ ልታጠራ የምትፈልገው እጇን አይደለም።

ድራማው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 15 ቀን 2020 በቱርክ መንግሥት ጣቢያ በቲአርቲ 1 ጀምሮ ለሁለት ምዕራፍ ታየ፤ በ2022 አለቀ። መነሻው የሥነ አእምሮ ሐኪሟ ጉልሰረን ቡዳይጂኦሉ የጻፉት ታሪክ ነው። እናትየዋ ሀሲቤ ሞታለች፤ ከልጇ ከሳፊዬ ጭንቅላት ግን አልወጣችም፣ እየታየቻት ትቆጣታለች። አባትየው ሂክመት አልዛይመር ይዞታል። ሳፊዬ (ኤዝጊ ሞላ) ስታጥብና ስትፈትግ ትውላለች፣ እንግዳ ደጇን ሲረግጥ አትወድም። መካከለኛዋ ጉልበን (መርቬ ዲዝዳር) በትልቅ ሰውነቷ ሌሊት አልጋዋን ታረጥባለች፤ የእህቷን ሕግ ከፍርሃትም ከፍቅርም ታከብራለች። ትንሿ ነሪማን በዚህ ሁሉ መሐል ታድጋለች። ወንድማቸው ሃን (ቢርካን ሶኩሉ) ቀን የተከበረ ነጋዴ ነው፤ ሌሊት ተደብቆ ከየገንዳው ቆሻሻ ይሰበስባል። እሱ ኢንጂ (ፋራህ ዘይነፕ አብዱላህ) የምትባል የሬዲዮ አቅራቢ አፍቅሮ ወደዚያ ሕንጻ ሲያመጣት፣ ለዓመታት ተዘግቶ የኖረው በር ይከፈታል። መርቬ ዲዝዳር በ2023 በሌላ ፊልም የካን ፌስቲቫልን የምርጥ ተዋናይት ሽልማት ወስዳለች። ጉልበንን ሆና ስትሠራ ያየ ሰው ሽልማቱ ይገባታል ይላል።

ከማየታችሁ በፊት ስለ ክፍሎቹ ርዝመት ማወቅ ይጠቅማል። በቱርክ ቴሌቪዥን አንዱ ሳምንታዊ ክፍል ከሁለት ሰዓት በላይ ይሄዳል። ለውጭ ገበያ ሲሸጥ ወደ 45 ደቂቃ ገደማ እየተቆረጠ ስለሚከፋፈል፣ የቱርኩ አንድ ክፍል ውጭ ሁለት ወይም ሦስት ይሆናል። አንዷ ከዱባይ «12ኛውን አየሁ» ስትል ሌላዋ ከፍራንክፈርት በቱርክኛው ቁጥር ስትቆጥር ጨዋታው የሚምታታው ለዚህ ነው። በቁጥር ሳይሆን በትዕይንቱ መነጋገር ይሻላል። መቀስ ሲገባ መጀመሪያ የሚሄደው ደግሞ ዝምታው ነው፦ ረጅም እይታ፣ በር ላይ መቆም፣ የቧንቧ ውሃ ድምፅ። በሌላ ድራማ ይህ ቢቆረጥ ብዙ አይጎዳም። በዚህኛው ግን ሕመሙ የሚታየው በዝምታው ውስጥ ነው፤ ስለዚህ የምትችሉ ሙሉውን የቱርክኛ ቅጂ እዩ።

ስለ ድምፅ ቅጂም አንድ ሁለት ነገር። በ2008 «ጉሙሽ» የተባለው ድራማ በአረብኛው ጣቢያ በኤምቢሲ «ኑር» ተብሎ በሶርያ ዘዬ ከታየ ወዲህ፣ አረብ አገር የሚታየው የቱርክ ድራማ በአብዛኛው የሚናገረው በሶርያ አረብኛ ነው። ሊባኖስ ለምትሠራ ጥሩ አስተማሪ ነው፣ ዘዬው ይቀራረባል። ባሕረ ሰላጤው ላይ ግን ያደናግራል፤ ድራማው «ምን?» ለማለት «ሹ»፣ «አሁን» ለማለት «ሀላእ» ሲል፣ እዚያ የሚሰማው «ሽኑ» ወይም «ኤሽ»፣ «አልሒን» ነው። ወደ አማርኛ ሲመለስ ደግሞ ሌላ ፈተና አለ። በ2016 ቃና ሥራ ከጀመረ ወዲህ የቱርክ ድራማ በአማርኛ ድምፅ ለምደናል። ቱርክኛ ወንድና ሴት አይለይም፤ «ገልዲ» መጣም መጣችም ነው። የቱርኩ ጸሐፊ ማን እንደመጣ ሊደብቅ ሲፈልግ ቋንቋው ይረዳዋል፣ የአማርኛ ተርጓሚ ግን ግሡ ላይ ሲደርስ ምስጢሩን ይከፍታል። መውጫው «የመጣ ሰው አለ» ብሎ ማዞር ነው፤ ያም ከከንፈሩ እንቅስቃሴ ይረዝማል። በሌላ በኩል እኛ በቀላሉ የምንወርሰው አለ። ጉልበን ሳፊዬን «አብላ» ስትላት «እትዬ» የሚለው ቃላችን ያለውን አክብሮት ሁሉ ይዞ ነው። «ኤሊኔ ሳህሊክ» ደግሞ ለእጅሽ ጤና ማለት ነው፤ እኛ «እጅሽ ይባረክ» የምንለው። በበረኪና በተላጠ እጅ ላይ ሲባል እንዴት እንደሚከብድ አስቡት።

ከእኛ ሰው ጋር ሲታይ መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ «ይህ ባህላቸው ነው ወይስ በሽታ?» የሚለው ነው። ጫማ በር ላይ ማውለቅ፣ ለእንግዳ የቤት ነጠላ ጫማ ማቅረብ፣ እጅ ላይ «80 ዲግሪ» (80 በመቶ አልኮል ያለው) የሎሚ ኮሎኛ ማፍሰስ ባህል ነው። ጽዳት የምትወድ ሴት በቱርክኛ «ቲቲዝ» ትባላለች፤ ምስጋናም ነቀፋም ሊሆን ይችላል። እኛም ዘንድ ቤቷን ስትወለውል የምትውል ሴት «ባለሙያ» ትባልና ሕመሟ በምስጋና ይሸፈናል። ድራማው የጀመረው ዓለም ሁሉ በወረርሽኝ ምክንያት እጁን ሲታጠብ በነበረበት ዓመት በመሆኑ መስመሩ ይበልጥ ቀጥኖ ነበር። መለያው ግን ግልጽ ነው፦ ልማድ ሲሆን ታጥበሽ ትጨርሺና ትረሺዋለሽ። ሕመም ሲሆን ታጥበሽ አትጨርሺም፤ ሐሳቡ ይመጣል፣ ጭንቀት ይነዳል፣ መታጠቡ ለጥቂት ደቂቃ ያሳርፋል፣ ከዚያ ሐሳቡ በርትቶ ይመለሳል። ሐኪሞች ኦሲዲ ይሉታል፤ በሚመላለስ ሐሳብ የሚገፋ፣ ድርጊትን የሚያስደጋግም የጭንቀት ሕመም ነው። አረብኛው «ወስዋስ»፣ ቱርክኛው «ቨስቨሴ» ይለዋል፤ ሙስሊም ወገኖቻችን ዘንድም ወስዋስ የታወቀ ቃል ነው። አንዱ የክብደት መለኪያ በቀን የሚወስደው ጊዜ ነው፤ ሐሳቡና ድርጊቱ ተደምረው ከአንድ ሰዓት በላይ ሲበሉ፣ ወይም ሥራና ትዳርን ሲያውኩ፣ ሐኪም ማየት ይገባል።

የድራማው ትልቁ እውነት ግን ሳፊዬ ላይ አይደለም፣ በዙሪያዋ ባሉት ላይ ነው። ጉልበን ባትጠየቅም አብራ ታጥባለች። ሃን ገንዘቡን ይከፍላል፣ ይዋሻል፣ ይደብቃል፣ እህቶቹ እንዳይረበሹ የራሱን ኑሮ መሥዋዕት ያደርጋል። ሁሉም ከፍቅር ነው የሚያደርጉት፤ ሁሉም ሕመሙን እየቀለቡ ነው። ሕክምናው ይህን የቤተሰብ ማደግደግ ለይቶ ያውቀዋል፦ ታማሚዋ ያወጣችውን ሕግ ማክበር፣ «ንጹሕ ነው አይደል?» ስትል «አዎ» ማለት፣ በእሷ ፈንታ በር መክፈት። «አዎ» የተባለች ቀን ጭንቀቷ ይወርዳል፤ አንጎሏ ግን የተማረው «አደጋ ነበር፣ ያዳነኝ መልሱ ነው» የሚለውን ነው። ስለዚህ ነገ ሁለት «አዎ» ትፈልጋለች።

ይህ የመተሳሰር ጉዳይ ከየት እንደሚመጣ ለመረዳት የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ የሜሪ ኤንስወርዝ ሥራ ይረዳል። ሕፃን ከእናቱ ጋር የሚኖረውን ትስስር በሰፊው መመልከት የጀመረችው እዚሁ ምሥራቅ አፍሪካ፣ ኡጋንዳ ውስጥ፣ በ1950ዎቹ አጋማሽ ነው፤ መጽሐፏ በ1967 ወጣ። ካስተዋለቻቸው አንዱ፣ ተረጋግቶ የተያያዘ ሕፃን እናቱን መመለሻ አድርጎ ርቆ እንደሚጫወት ነው። በሀሲቤ ቤት መመለሻዋ ራሷ የምታስፈራ ናት። እንዲህ ያለች ልጅ ወዴትም ብትሮጥ አይሆንላትም፤ ወደ እናቷ ብትሄድ ትፈራለች፣ ብትርቅም ትፈራለች። የሳፊዬ ጽዳት ከሞተች እናት ይሁንታ መለመኛ ሆኖ የቀረው ለዚህ ነው። አንዳንዱ ተመልካች «ክፉ ናት» ብሎ ያልፋታል። አንስማማም፤ የእህቶቿን ሕይወት መጉዳቷ እውነት ነው፣ ግን የምትቀጣቸው የተቀጣችበትን ቋንቋ ብቻ ስለምታውቅ ነው።

በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ደግሞ ከዚህ ድራማ ለሰውነቷ የሚጠቅም ነገር ትውሰድ። እንደ ሳፊዬ ያለች እመቤት ያለችበት ቤት ኬሚካል ይበዛል። በረኪናን ከኮምጣጤ ወይም አሲድ ካለበት የሽንት ቤት ማጽጃ ጋር መቀላቀል ክሎሪን ጋዝ ያወጣል፤ አሞኒያ ካለበት የመስታወት ማጽጃ ጋርም መርዛማ ጭስ ይፈጠራል፣ ሁለቱም ሳንባ ይጎዳሉ። ሽታው አፍንጫ ከቆረጠ ወዲያው መውጣትና መስኮት መክፈት ነው፣ «ልጨርሰው» ማለት የለም። ወለል ለማጽዳት 5 በመቶ ጥንካሬ ያለው በረኪና በአንድ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ 20 ሚሊ ሊትር ይበቃል፤ ብታበዢው ንጽሕናው አይጨምርም፣ ቆዳሽ ይላጣል። ሙቅ ውሃም ኃይሉን ይቀንሰዋል፣ ጭሱንም ያወጣዋል። ጓንት አድርጊ።

አገር ቤት ያለች እህታችሁ እንደ ሳፊዬ ከሆነች፣ ከስደት ሆናችሁ የምታደገድጉት በስልክ ነው። ማታ ደውላ «ዕቃው ተበክሎ ይሆን?» ትላለች፣ እናንተም «የለም፣ አይዞሽ» ትላላችሁ፤ ለሳሙናና ለበረኪና ተጨማሪ ትልካላችሁ። መጀመሪያ ለአንድ ሳምንት ማረጋገጫ የጠየቀችበትን ብዛት መዝግቡ። ከዚያ በተረጋጋች ሰዓት፣ ጭንቀቱ ላይ ሳለች ሳይሆን፣ ተስማሙ፦ በቀን አሥር መልስ ከነበረ በመጪው ሳምንት አምስት። ከአምስቱ በኋላ ስትጠይቅ እንዲህ በሏት፦ «እህቴ፣ ይህን የሚጠይቀኝ ሕመምሽ ነው፣ ብመልስ እሱን ነው የማበረታው። ጭንቀቱ እስኪቀልልሽ ግን ስልኩን አልዘጋም።» ቁጣ የለበትም፣ ሰበካም የለበትም። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ወንድምና እህት ሲለያዩ ነው፤ ሪያድ ያለው አልመልስም ሲል ዋሽንግተን ያለችው አዝና ትመልሳለች። አንዴ ተከልክሎ አንዴ የሚሰጥ መልስ ልማዱን ከሁልጊዜው ይልቅ ያጠነክረዋል። ስለዚህ ሁሉም በአንድ ቀን፣ በአንድ ቃል ይጀምር።

ሕክምናው ራሱ ሁለት መንገድ አለው። አንዱ በሠለጠነ ባለሙያ የሚመራ መጋፈጥ ነው፦ ከቀላሉ ጀምራ የምትፈራውን ትነካለች፣ ሳትታጠብ ጭንቀቱ በራሱ እስኪበርድ ትጠብቃለች። ሌላው እንደ ሰርትራሊንና ፍሉኦክሰቲን ያለ መድኃኒት ነው፤ ለኦሲዲ ለውጡ እስኪታይ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ሊጠይቅ ይችላል። በሦስተኛው ሳምንት «አልሠራልኝም» ብሎ ማቋረጥ የተለመደ ስሕተት ነው፤ በድንገት ማቆምም ራሱ ያሳምማል። ጠበል መሄድ ይችላሉ፣ መድኃኒቱን ግን እየወሰዱ ይሂዱ። ስለ መሞት ካወራች ቀጠሮ አይጠበቅም፣ አጠገቧ ያለ ሰው በዚያው ቀን ሆስፒታል ይውሰዳት።

ስልኩ ከመዘጋቱ በፊት ደግሞ ሕመሙ ያልነካውን ነገር አንሡ፦ ስለ ጎረቤት ሠርግ፣ ስለ ልጆቹ ትምህርት፣ ስለ ያየችው ድራማ። በዚያ አፓርታማ ለብዙ ዓመት የሚወራው ስለ ቆሻሻና ስለ ውሃ ብቻ ነበር። ኢንጂ የመጣች ቀን ይዛው የገባችው አዲስ ነገር የሌላ ወሬ ድምፅ ነው።