ወረቀት ሳይኖረኝ የኮሌጅ ክፍያዬን እንዴት ቻልኩት

ይህን የምጽፈው አሜሪካ ውስጥ ያለ ወረቀት፣ ማለትም ያለ ሕጋዊ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ሃይስኩል ለሚማሩ ልጆቻችንና ለወላጆቻቸው ነው። በተለይ ሐኪም መሆን ለሚመኙት። እኔ ከእናቴ ጋር በ2013 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) በጉብኝት ቪዛ መጥቼ ያደግኩት ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ቪዛው አለቀ፣ እኛ ቀረን። ዳካ (በልጅነታቸው ለመጡ የሚሰጥ ጊዜያዊ ከለላና የሥራ ፈቃድ) የሚሰጠው ከጁን 2007 ጀምሮ እዚህ ለኖሩ ልጆች ስለሆነ እኔን አይመለከተኝም ነበር። ሃይስኩል የጨረስኩት ያለ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር (ሶሻል) እና ያለ ሥራ ፈቃድ ነው።

እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ድረስ መማሩ አይከለከልም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1982 በሰጠው ውሳኔ መሠረት፣ ወረቀት የለህም ተብሎ ከመንግሥት ትምህርት ቤት የሚባረር ልጅ የለም። ጭንቁ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ኮሌጅ ግቡ ትባላላችሁ፤ ከፌዴራል መንግሥት ግን እርዳታም ብድርም የለም። የክፍል ጓደኞቼ ፋፍሳ የሚባለውን የፌዴራል እርዳታ ማመልከቻ ሲሞሉ እኔ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ እቀመጥ ነበር።

ቤታችን ውስጥ ስለ ወረቀት ማውራት ነውር ነበር። እማዬ «ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ» ትለኝ ነበር። ፍርሃቷ ይገባኛል፤ ዛሬም ምክንያት አላት። ግን አሥራ አንደኛ ክፍል ላይ ለአንድ ሰው መንገር እንዳለብኝ ወሰንኩና ለትምህርት ቤቴ ካውንስለር (የተማሪዎች አማካሪ) ነገርኳት። የተማሪን መረጃ ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር አሳልፎ መስጠትን የሚከለክል የፌዴራል ሕግ መኖሩን አስቀድሜ አንብቤ ነበር። ካውንስለሯ ሕጉን በደንብ አታውቀውም ነበር። የሚያውቅ ሰው ግን ታውቅ ነበር፤ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ በሚባለው የአካባቢያችን ኮሌጅ ውስጥ እንደኔ ያሉ ተማሪዎችን ከምታማክር ሴት ጋር አገናኘችኝ። የመጣው መልካም ነገር ሁሉ ከዚያች ንግግር በኋላ የመጣ ነው። ለሁሉም ሰው አውሩ አልልም። አንድ ትክክለኛ ሰው ፈልጉ፣ ጊዜ ሳያልፍም ንገሩት።

ያቺ የኮሌጁ አማካሪ የነገረችኝ ትልቁ ነገር የትምህርት ክፍያው የሚወሰነው በስቴቱ ሕግ መሆኑን ነው። ሜሪላንድ ድሪም አክት የሚባል ሕግ አላት። በ2012 ሕዝቡ ራሱ በድምፁ ያጸደቀው ነው። በሜሪላንድ ሃይስኩል የተማረና የተመረቀ ልጅ ወረቀት ባይኖረውም እንደ ነዋሪ እንዲከፍል ይፈቅዳል። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ (የሁለት ዓመት የአካባቢ ኮሌጅ) ከስቴቱ ውጭ የመጣ ሰው ሂሳብ ከአካባቢው ነዋሪ ሁለት እጥፍ ያልፋል፤ በስቴቱ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ሦስት እጥፍ ያልፋል። እኔ በገባሁበት በ2019 ሕጉ መጀመሪያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ተማሩ፣ ከዚያ ወደ ዩኒቨርሲቲ ተዛወሩ ይል ነበር። ከዚያ ወዲህ ተሻሽሏል፤ ስለዚህ እኔን ሳይሆን የዘንድሮውን ሕግ አንብቡ።

ከመሥፈርቶቹ ውስጥ ቤተሰቦቻችንን የሚያስደነግጠው ታክስ ነው። ተማሪው ወይም ወላጁ በየዓመቱ ለሜሪላንድ የገቢ ታክስ ማስገባቱን ማሳየት አለበት። እማዬ አረጋውያንን ቤታቸው እየሄደች ትንከባከብ ነበር፤ የሚከፍሏትም በካሽ ነው። ታክስ አስገብታ አታውቅም። «መንግሥት አድራሻዬን ያውቃል» ብላ ትፈራ ነበር። አንድ ሐበሻ የሂሳብ ባለሙያ ቁጭ አድርጎ አስረዳን። ሶሻል የሌለው ሰው ከታክስ መሥሪያ ቤቱ አይቲን የሚባል ቁጥር ማውጣት ይችላል። ያለፉትን ዓመታት ታክስም ዘግይቶ ማስገባት ይቻላል። አስገባን፤ ቅጣቱንም ጥቂት በጥቂት ከፈልን። ልጃችሁ ገና ዘጠነኛ ክፍል ከሆነ ይህን ጉዳይ ዛሬውኑ ጀምሩት። ስለ ስጋቱ ደግሞ መጀመሪያ የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክሩ። በየአካባቢው በነፃ ወይም በትንሽ ክፍያ የሚያማክሩ አሉ።

ሁለተኛው በር የስቴቱ እርዳታ ነው። ሜሪላንድ ከ2018 ጀምሮ በድሪም አክት የሚማሩ ልጆች የስቴቱን የገንዘብ እርዳታ እንዲጠይቁ ፈቅዳለች። የሚሞላው ፋፍሳ ሳይሆን የስቴቱ የራሱ ቅጽ ነው። በእኔ ጊዜ የመጨረሻው ቀን ማርች 1 ነበር። ብዙ የሐበሻ ልጅ ይህን ቅጽ ሳያውቀው ያልፋል፤ ያንገበግበኛል። የፖቶማክን ወንዝ ተሻግራችሁ ቨርጂኒያ ያላችሁም ተመሳሳይ ዕድል አላችሁ። እዚያ ከ2020 ጀምሮ እንደ ነዋሪ መክፈል፣ ከ2022 ጀምሮ ደግሞ የስቴት እርዳታ መጠየቅ ተፈቅዷል። ዳላስ ላላችሁ ግን ነገሩ ተለውጧል። ቴክሳስ ከ2001 ጀምሮ የነበራት ሕግ በጁን 2025 በፍርድ ቤት ቆሟል፤ ፍሎሪዳም በዚያው ዓመት የራሷን ሰርዛለች። ስለዚህ የሌላ ስቴት ዘመድ የነገራችሁን ይዛችሁ አትወስኑ።

እርዳታው ሁሉንም አልሸፈነም። የቀረውን የሸፈነው እቁብ ነው። እማዬ ከቤተ ክርስቲያን እናቶች ጋር የወር እቁብ ትጥል ነበር። ኮሌጁ ክፍያውን በየወሩ ከፋፍሎ ይቀበላል፤ የመጀመሪያው ክፍያና የመጻሕፍቱ ወጪ ግን ኦገስት ላይ አንድ ላይ ይመጣል። እማዬ ለሰብሳቢዋ እውነቱን ነገረቻት። ኦገስት ላይ እጣ የወጣላት እናት ተራዋን ለእኛ ለቀቀች። በየዓመቱ እንዲሁ ሆነ። አንዷም «ልጅሽ ወረቀት የላትም እንዴ?» ብላ አልጠየቀችም። «ዶክተር ስትሆኚ የደም ግፊቴን ታዪልኛለሽ» ይሉኝ ነበር። ለእነዚህ እናቶች ያለብኝን ውለታ እንዴት እንደምከፍል እስካሁን አላውቅም። ወለድ የሌለው፣ ሶሻል የማይጠይቅ ብድር ማንም ባንክ አልሰጠኝም፤ እነሱ ሰጡኝ።

ስኮላርሺፕም ፈልጌያለሁ። ዘ ድሪም ዩኤስን የመሰሉ፣ እንደኛ ላሉ ተማሪዎች የተቋቋሙ አሉ። የየራሳቸው መሥፈርት ስላላቸው አንብባችሁ ጊዜያችሁን ቆጥቡ። እኔን የጠቀሙኝ የካውንቲውና የኮሌጁ ፋውንዴሽን ትንንሽ ስኮላርሺፖች ናቸው። ብሩ ትንሽ ነው፤ የሚወዳደረውም ሰው ጥቂት ነው። አንድ ጽሑፍ በደንብ ጽፋችሁ ለብዙዎቹ እያስተካከላችሁ መላክ ትችላላችሁ።

አንድ ነገር ግን ድምፄን ከፍ አድርጌ ልናገር። በየትኛውም ቅጽ ላይ «የአሜሪካ ዜጋ ነኝ» የሚለውን ሳጥን አትንኩ። ለእርዳታ ብላችሁ፣ ለሥራ ብላችሁ፣ መንጃ ፈቃድ ስታወጡ ለምርጫ ተመዝገቡ ሲሏችሁም ቢሆን አትንኩ። በሐሰት ዜጋ ነኝ ያለ ሰው ወደፊት ግሪን ካርድ የሚያገኝበት በር ሊዘጋበት ይችላል፤ ይቅርታውም እጅግ ጠባብ ነው። «ምን ችግር አለው፣ ሙላው» የሚሉ ሰዎች አሉ። አትስሟቸው።

በ2021 ወደ ስቴቱ ዩኒቨርሲቲ ስዛወር የመግቢያ ቢሮው እንደ ዓለም አቀፍ ተማሪ መዘገበኝ። ሂሳቡ ሲመጣ እጅና እግሬ ተሳሰረ። እማዬ ገና ሳትሰማ የሕጉን ገጽ፣ የታክስ ወረቀቶቹን፣ የሃይስኩል ትራንስክሪፕቴን (የውጤት ማስረጃዬን) እና የፈረምኩትን ቃል ይዤ ሄድኩ። ቃሉ፣ ለቋሚ ነዋሪነት ብቁ ስሆን በ30 ቀን ውስጥ አመለክታለሁ የሚል ነው። ጠረጴዛው ላይ ያለችው ሠራተኛ ሕጉን ሰምታው አታውቅም። አለቃዋ ግን ያውቀዋል። ከሳምንታት መመላለስ በኋላ ተስተካከለ። ወረቀቶቻችሁን በአንድ ማኅደር ያዙ፤ ኢሜይል የተጻጻፋችሁትን ሁሉ አስቀምጡ፤ የመጀመሪያውን «አይሆንም» እንደ መጨረሻ ቃል አትቀበሉ።

አሁን ስለ ሕክምናው። የሳይንስ ትምህርቶቹን ግማሹን ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ፣ ከበድ ያሉትን ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ወሰድኩ። አንዳንድ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ከበድ ያሉት ትምህርቶች የት እንደተወሰዱ ስለሚያዩ ነው። የበጋ የምርምር ፕሮግራሞች ብዙዎቹ በፌዴራል ገንዘብ ስለሚሠሩ ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ይጠይቃሉ። እኔ አንዲት የባዮሎጂ ፕሮፌሰርን በቀጥታ ለምኜ ላቦራቶሯ ውስጥ ለክሬዲት (ለትምህርት ነጥብ) ሠራሁ። በ2022 መጨረሻ ለኢትዮጵያውያን ቲፒኤስ (ጊዜያዊ ከለላ) ሲታወጅ የሥራ ፈቃድ አገኘሁና ሆስፒታል ውስጥ ለሐኪሞች የታካሚ ማስታወሻ የመጻፍ ሥራ ጀመርኩ። ሰው ሲታመም፣ ሲሻለው፣ ሲሞትም ያየሁት እዚያ ነው። ሐኪም ለመሆን ያለኝ ፍላጎት እዚያ ጸና። ቲፒኤስ ግን ፋፍሳን አይከፍትም፤ በስሙም ጊዜያዊ ነው። በእሱ ላይ ብቻ ዕቅድ አትሥሩ።

ትልቁ ዳገት ገና ፊቴ ነው። የሕክምና ተማሪ የሚኖረው በፌዴራል ብድር ነው፤ እኛ አናገኘውም። የግል ባንኮች ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ዋስ ይጠይቃሉ። አንዳንድ ትምህርት ቤቶች የአራት ዓመቱ ክፍያ አስቀድሞ ባንክ ይቀመጥ ይላሉ። ከምርቃት በኋላ ያለው ሬዚደንሲ (ሆስፒታል ውስጥ እየሠሩ የሚሰለጥኑበት ጊዜ) ደግሞ የሥራ ፈቃድ ይፈልጋል። ቢሆንም በር የከፈቱ አሉ። ሺካጎ አጠገብ ያለው የሎዮላ ስትሪች የሕክምና ትምህርት ቤት በ2014 የዳካ ተማሪዎችን ተቀብሏል፤ ከዚያ ወዲህ ሌሎችም ተከትለዋል። ፕሪ-ሄልዝ ድሪመርስ የሚባለው ከ2012 ጀምሮ ያለ ማኅበርም እንደኛ ያሉትን ያገናኛል፤ ብቸኝነቱን ያቀለለልኝ እሱ ነው።

የማመልከቻ ክፍያ ከመክፈሌ በፊት ለእያንዳንዱ ትምህርት ቤት ሦስት ጥያቄ በኢሜይል እልካለሁ። እንደኔ ያለ ተማሪ ትቀበላላችሁ? በየትኛው ምድብ ታዩኛላችሁ፣ እንደ ነዋሪ ወይስ እንደ ዓለም አቀፍ ተማሪ? ከራሳችሁ ገንዘብ እርዳታ ወይም ብድር ትሰጡኛላችሁ? ግልጽ መልስ በጽሑፍ ያልሰጠኝን ከዝርዝሬ አወጣለሁ። የቀሩት ጥቂት ናቸው፤ የዘንድሮው ማመልከቻዬ ለእነሱ ይላካል።