ተርሞስታቷን መለስኩላት

ዛሬ ቀኑን ሙሉ የዋልኩት በአባባ ዲኤክስ መኪና ኮፈን ስር ነው። ከዓመታት በፊት አንድ መካኒክ «ለእኛ አገር አያስፈልግም» ብሎ ተርሞስታቷን፣ ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳያልፍ የሚዘጋውን ክፍል፣ አውጥቶ ጥሎት ነበር። አመንነው። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ሞተሯ ቶሎ አይሞቅም፣ ቤንዚንም ትጠጣለች።

የመኪና መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሄጄ 82 ዲግሪ፣ ማለትም መከፈት የሚጀምርበት ሙቀት፣ የተጻፈበትን ተርሞስታት ገዛሁ። ከመግጠሜ በፊት ድስት ውስጥ ከትቼ ውሃውን ጣድኩት። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ ተርሞስታቱ ደህና ከሆነ ውሃው ሳይንተከተክ መከፈት አለበት። መሃሉ ላይ ያለችው ክብ ብረት ቀስ ብላ ስትነሳ እንዴት ደስ እንዳለኝ!

ከራዲያተሩ የወጣው ውሃ ግን ሻይ ነው የሚመስለው። ዝገት! ለካ ስንት ዓመት የቧንቧ ውሃ ብቻ ስንሞላባት ኖረናል። ደጋግሜ አጠብኩት፤ ከዚያ ኩላንት (ዝገት የሚከላከል የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) እና ዲስቲልድ (ተንኖ የተጣራ) ውሃ እኩል በእኩል ቀላቅዬ ሞላሁ። ኩላንት ስትገዙ ቀለሙን አይታችሁ አትመኑ፣ ጀርባው ላይ ያለውን አንብቡ። የራዲያተር ክዳኑን ጎማም እዩት። ካረጀ ግፊት አይዝም፤ እንደኛ ከፍታ ላይ ደግሞ ያለ ግፊት ቶሎ ይፈላል።

ማታ አባባ ራሳቸው ነዷት። የሙቀት ጌጁ መሃል ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። እሳቸውም ዝም ብለው እሱን ያያሉ።