ለእማዬ ወንበር፣ ዶሮ ካደረበት ጥድ

ሻንጣዬን የከፈተችው ታናሽ እህቴ ናት። ሁለት ሻንጣ ነው የያዝኩት፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ። አንዱ እንደ ወጉ ነው። ጫማ፣ ሽቶ፣ ለአክስቶቼ የደም ግፊት መለኪያ። ሁለተኛው ግን ብረት ነበር። ሦስት መሮ፣ አፉ እንደ ማንኪያ የጎደጎደ ሌላ መሮ፣ በሁለት እጅ ተይዞ የሚፋቅበት ቢላ፣ የእንጨት ሞረድ፣ የእጅ መጋዝ። እህቴ መጋዙን ብድግ አደረገችና "ይሄ ደግሞ የማን ነው?" አለች።

"የእማዬ ነው" አልኳት።

እማዬ በሩ ጥግ ተቀምጣለች። ያችው ሰማያዊ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ናት። አንዱ እግሩ ተሰንጥቆ በሽቦ ታስሯል። ያንን ሽቦ ሲያትል ሆኜ በኢሞ አራት ዓመት ሙሉ አይቼዋለሁ። "ወንበር ግዢበት" ብዬ ብር ስልክላት ብሩ ለጎረቤት ልጅ ደብተር ይሆናል፤ አለዚያ የታመመ ሰው መጠየቂያ። ስለ ወንበሩ ስጠይቃት "ምን ሆነ? ይቀመጡበታል እኮ" ትለኛለች።

እኔ ደግሞ በዚያው ሰሞን ቅዳሜና እሁድ ለማላውቃቸው ሰዎች ወንበር እሠራ ነበር። እንቅልፍ የነሳኝ ይሄ ነው።

በ1998 ዓ.ም. ነው ዲቪ ደርሶኝ የወጣሁት። ሲያትል እንደገባሁ እንደ ብዙው አበሻ ፓርኪንግ ተቀጠርኩ፣ የሌሊት ሥራ። ከዓመታት በኋላ ኪራይ ይረክሳል ብዬ ከከተማው ወጣ ወዳለች ትንሽ ቦታ ተዛወርኩ። ችግሩ ጎረቤቴ ነበር። እኔ ሌሊቱን ሠርቼ ጠዋት ልተኛ ስል እሱ መዶሻውን ያነሳል። ጡረታ የወጣ ዛፍ ቆራጭ ነው። አንድ ቀን ድምፁን እንዲቀንስልኝ ልለምነው ሄድኩ። "ቁጭ በል" ብሎ ወንበር አሳየኝ። ወንበሩ አንድ ወጥ ግንድ ነው። ውስጡ ባዶ፣ መደገፊያውም ክንዱም ከራሱ ከግንዱ የወጣ። ተቀመጥኩ። በዚያ አገር ከገባሁ ጀምሮ ጀርባዬ እንደዚያ ያረፈበት ቀን አላስታውስም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ መዶሻ ይዤ አጠገቡ ቆምኩ። ከዚያ በኋላ ሰባት ዓመት አብረን ሠራን።

በዚያ አካባቢ ዌስተርን ሬድ ሲዳር የሚባል ዛፍ አለ። የጥንቶቹ የአገሩ ባለቤቶች ከአንዱ ግንድ ታንኳ ይቀርጹበት ነበር። ይሄ ዛፍ ሲያረጅ ብዙ ጊዜ ሆዱ ይቦረቦራል። ሰው ውስጡ ባዶ የሆነ ዛፍ ሲያይ የሞተ ይመስለዋል። አልሞተም። የዛፍ ነፍሱ ከቅርፊቱ ሥር ባለው ስስ ክፍል ላይ ናት። ውኃ ከሥር ወደ ላይ የሚያወጣውም ውጭ ውጭው እንጨት ነው። መሀሉ ሕይወት የሌለው እንጨት ነው፤ ፈንገሱ የሚበላው እሱን ነው። ዛፉ ሆዱ ባዶ ሆኖ ለብዙ ዓመት ቅጠል ያወጣል።

መሰንጠቂያ ፋብሪካ ግን እንዲህ ያለውን ግንድ አይፈልገውም፤ ጣውላ አይወጣውም። ቆራጮች ጫካ ውስጥ ጥለውት ይሄዳሉ። ሽማግሌው ጎረቤቴ የጫካውን ባለቤት እያስፈቀደ የሚሰበስበው እሱን ነው። የሬድ ሲዳር እንጨት ራሱን ከብስባሴ የሚጠብቅበት ዘይት ስላለው አሥርት ዓመታት መሬት ላይ ተጋድሞ እንኳ ደህና ይገኛል። ሲደርቅም እምብዛም አይኮማተርም። አቧራው ግን ክፉ ነው፣ አስም ያመጣል። ሽማግሌው በዚህ ሳል ተይዞ ነበርና ያለ ጭንብል መጋዝ አያስነካኝም።

እንግዲህ ለእማዬ የማመጣላት ይሄን ነው ብዬ መጣሁ። ጊዜው ጥር ነው። ቤታችን ሱሉልታ ነው፣ እንጦጦን ተሻግሮ በጎጃም መንገድ። ብርዱን የሚያውቅ ያውቀዋል። ቀኑ ደግሞ ፀሐይና ደረቅ ነፋስ ነው።

እንጨት ፍለጋ ወጣሁ። በዚያ አካባቢ ዓይን የሚሞላው ባሕር ዛፍ ነው። በምኒልክ ዘመን ለማገዶ ተብሎ የገባው ዛፍ ዛሬ ተራራውን ሁሉ ይዞታል። አንዱ እንጨት ሻጭ ጋ በየጊዜው እየተቆረጠ ካቆጠቆጠ አሮጌ ጉቶ የወጣ ወፍራም የነጭ ባሕር ዛፍ ግንድ አገኘሁ፣ መሀሉ ባዶ። በጋሪ አስጭኜ አመጣሁት። እዚያ እንደለመድኩት ሁለቱን ጫፍ ቀለም ቀባሁ። እንጨት ቶሎ የሚደርቀው በተቆረጠ ጫፉ በኩል ነው፤ እሱን ከደፈንከው ቀስ ብሎ ይደርቃል። ግቢው ውስጥ አቁሜው ተኛን።

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ "ጧ!" አለ። እማዬ ጥይት መስሏት "በስመ አብ!" ብላ ተነሳች። በባትሪ ወጥቼ ሳየው ግንዱ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል። እጄ ይገባል። ጠዋት ደግሞ ከጀርባው ሌላ ስንጥቅ። እማዬ ምንም አላለችኝም። ስንጥቁን በመዳፏ ዳበሰችና ቡና ልታፈላ ገባች። እኔን ያመመኝ ዝምታዋ ነው።

በኋላ ቁጭ ብዬ አሰብኩት። ባሕር ዛፍ ቆሞ ሳለ ውስጡ ውጥረት ይይዛል፤ ሲቆረጥ ያ ውጥረት ይለቀቃል። ትኩስ ግንድ ደግሞ ውኃ የሞላበት ነው። ማንኛውም እንጨት ሲደርቅ በግንዱ ዙሪያ የሚኮማተረው ከመሀል ወደ ውጭ ከሚኮማተረው በእጥፍ ገደማ ይበልጣል። ክቡ መሰንጠቅ የሚወደው ለዚህ ነው። ሬድ ሲዳር በዙሪያው 5 በመቶ፣ ከመሀል ወደ ውጭ 2.4 በመቶ ቢኮማተር ነው። ባሕር ዛፍ እሱን ብዙ ይበልጠዋል። እኔ የሲያትሉን ልማድ እንዳለ አምጥቼ ሌላ ዛፍ ላይ ጫንኩት።

ከግቢያችን ጀርባ አንድ አዛውንት አሉ። ሰፈሩ ሁሉ "አባባ" ነው የሚላቸው። ድምፁን ሰምተው ኖሮ ጠዋት ከዘራቸውን ይዘው መጡ። ግንዱን ዞር ዞር ብለው አዩት።

"ልጄ፣ ባሕር ዛፍ ቋሚ ነው፣ ማገር ነው፣ ማገዶ ነው። ወንበር ሁን ስትለው ይቆጣል።"

"እሺ አባባ፣ ምን ላድርግ? ጥድ እንዳልቆርጥ አገር በቀል ዛፍ ያለ ፈቃድ አይነካም። ቢፈቀድልኝም እጄ አይነሳም።"

"ማን ቁረጥ አለህ? ና" አሉኝ።

ጓሮአቸው ወሰዱኝ። ከአጥሩ ሥር አንድ ግራጫ ግንድ ተጋድሟል። የአበሻ ጥድ ነው፣ ውስጡ የተቦረቦረ። በደርግ ጊዜ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ነፋስ የጣለው ዛፍ ነው አሉኝ። ቅርንጫፉ ለአጥር ሆነ፤ ይሄ ግን ባዶ ስለሆነ የሚፈልገው ጠፋና ዶሮ ማደሪያ ሆነ። ጎንበስ ብዬ ሳይ አንዲት ገብስማ ዶሮ እንቁላል ላይ ተቀምጣ አፈጠጠችብኝ።

አባባ ገንዘብ አንቀበልም አሉ። "ለዶሮዎቹ ቤት ሥራላቸው፣ ያቺም እስክትፈለፍል ጠብቅ" አሉኝ። ያ የተሰነጠቀ ባሕር ዛፍ እዚህ ጠቀመ፤ ሰንጥቄው ለዶሮው ቤት ቋሚ ሆነ። አጣናና ቆርቆሮ ጨምሬ በሁለት ቀን ጨረስኩ። ከዚያ ዘጠኝ ቀን ጫጩት ጠበቅን።

ግንዱን ግቢያችን ስናስገባ መጀመሪያ ያደረግኩት በፈላ ውኃ ደጋግሞ ማጠብ ነው፣ ለዶሮ ቅማሉ። ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ ዋለ። የቀረውን ቅርፊት በሙሉ ላጥኩት፤ ተባይ የሚደበቀው እዚያ ነው። ከዚያ መጋዙን አስገባሁ።

ሽታው መጣ። ምን ብዬ ልንገራችሁ። የአዲስ እርሳስ ሽታ ነው፣ የቤተ ክርስቲያን ግቢም ሽታ ነው። እኔን ያቆመኝ ግን ሌላ ነገር ነው፤ የሽማግሌውንም ጓሮ ይሸት ነበር። ሬድ ሲዳርና የእኛ ጥድ የአንድ ቤተሰብ ዛፎች መሆናቸውን በንባብ አውቀው ነበር። በአፍንጫዬ ያወቅኩት ግን ያን ቀን ነው። መጋዙን አስቀምጬ ትንሽ ቆየሁ።

አባባ በወጣትነታቸው ቀፎ ይፈለፍሉ ነበር። ግንዱን ለሁለት ሰንጥቆ፣ ውስጡን ቦርቡሮ፣ መልሶ ገጥሞ ማሰር። እኔ ውስጡን ስፍቅ ጥቁር ያየሁትን ሁሉ ላነሳ ፈለግኩ። እሳቸው እጄን ያዙኝ። "በዓይንህ አትፋቅ፣ በጆሮህ ፋቅ" አሉ። የበሰበሰ እንጨት ላይ መሮው ድምፁ ይታፈናል። ጤነኛው ላይ ሲደርስ ይጮኻል። "ሲጮህ እጅህን አንሳ።" ሽማግሌው በሰባት ዓመት ይሄን አልነገረኝም። ግድግዳው አራት ጣት ያህል ውፍረት ይዞ ቀረ፣ ጥቁሩ ብዙ ቦታ ላይ እንዳለ። ያምራል።

የመቀመጫው ከፍታ ላይ ሜትሬን አወጣሁ። አሜሪካ 45 ሴንቲ ሜትር ነበር የምንሠራው። እማዬ አጭር ናት፣ ዕድሜዋን በሙሉ በርጩማ ላይ ኖራለች። በ45 እግሯ ይንጠለጠላል። "ቆይ" ብላ ከእንዝርቷ ላይ ክር በጠሰችልኝ። ከተረከዟ እስከ ጉልበቷ እጥፋት ለካሁና ክሩን ቋጠርኩት፤ 38 ሴንቲ ሆነ።

አሠራሩ ለሚፈልግ እነሆ። ግንዱን ሜዳ ቦታ አቁሙት። ቁርጥራጭ እንጨት ላይ ከሰል አስራችሁ መሬት መሬቱን እየገፋችሁ ግንዱን ዙሩት፤ እግሩ ጠማማ ቢሆን እንኳ ቀጥ ያለ መስመር ያወጣል። በመቀመጫው ከፍታ ከፊት በኩል እስከ ግንዱ እኩሌታ በአግድም ቁረጡ። ከዚያ ከላይ ወደ ታች በግራና በቀኝ እየጋዛችሁ ከአግድሙ ጋር አገናኙት። የፊቱ ቁራጭ ይወድቃል፣ የኋላው ግድግዳ መደገፊያ ሆኖ ይቀራል። እኔ በእጅ መጋዝ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። መቀመጫው ከአሮጌ በር ያገኘሁት የዋንዛ ጣውላ ነው። ውስጥ ውስጡን አራት ድጋፍ አድርጌ እላዩ አስቀመጥኩት። ምስማር አልመታሁም፤ ግንዱ ሲጠብና ሲሰፋ የተመታ ጣውላ ይሰነጠቃል። ዙሪያውን ትንሽ ክፍተት ተውኩለት። ያልተመታ ስለሆነ እንደ ክዳን ይነሳል፣ ሥሩም ዕቃ ማስቀመጫ ይሆናል።

ቅባቱ ደግሞ። ሲያትል በቆርቆሮ እየገዛሁ እንጨት የምቀባው ዘይት የተልባ ዘይት ነው። እማዬ ስነግራት "ተልባ ለጨጓራ ነው እንጂ!" አለች። ሰሙን ከጠጅ ቤት አገኘሁት። ሰፈፉን በሙቅ ውኃ አቅልጬ በጨርቅ ሳጠልለው ሰሙ ሲቀዘቅዝ ላይ ረጋ። አንድ እጅ ሰም በአራት እጅ ዘይት፣ ድስቱን ውኃ የያዘ ሌላ ድስት ውስጥ አድርጎ ማሞቅ ነው፤ እሳት ላይ በቀጥታ አይጣድም። እባካችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ። የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ጨብጣችሁ አትጣሉ። ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል። የተጠቀለለ ጨርቅ ማንም ሳይለኩሰው ይነድዳል። የሽማግሌው የመጀመሪያ መሥሪያ ቤት የተቃጠለው በዚህ ነው። ዘርግታችሁ ውጭ አስጡት፣ ወይም ውኃ ውስጥ ንከሩት።

ወንበሩ ሲያልቅ ቡና ተፈላ። እማዬ መጀመሪያ አባባን አስቀመጠች። "የእርስዎ ግንድ ነው" አለቻቸው። እሳቸው ሲነሱ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ሁለት እጇን ክንዱ ላይ አሳረፈች። እግሯ መሬት ነካ። ጀርባዋን አስደገፈችና ዓይኗን ጨፈነች። እህቴ ስኒ ይዛ ቆማ ቀረች። እኔ ወጣ አልኩ፤ እዚያ መቆም አልቻልኩም።

ከተመለስኩ አምስት ወር ሆነኝ። መሣሪያውን ለአባባ የልጅ ልጅ ትቼለታለሁ። መቀመጫው ሥር እማዬ መድኃኒቷን፣ የአባዬን ፎቶና የዳዊት መጽሐፉን አስቀምጣለች። በመጀመሪያው ወር ደውላ "ልጄ፣ ትናንት ማታ ወንበሩ ቋ አለ" አለችኝ። ልቤ ደነገጠ። በቪዲዮ አሳየችኝ። መደገፊያው ጫፍ ላይ ሁለት ጣት የምትሆን ቀጭን ስንጥቅ ናት። የግንዱን ክብ ስቆርጠው የላላ ነገር አለ፤ ቤት ውስጥ ደግሞ ምድጃው ቅርብ ነው። ከምድጃው አርቂው አልኳት።

እሷ ግን የራሷን ዘዴ አገኘች። በየእሁዱ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ክር ስንጥቁ ላይ ታስተኛለች፣ ስንጥቁ የሚያልቅበት ላይ ትቋጥራለች። ከዚያ ትደውልና ክሩን ካሜራው ፊት ትዘረጋልኛለች። ባለፉት ሦስት እሁዶች ቋጠሮው ከቦታው አልተነቃነቀም።