«ደፋር»ን በእንግሊዝኛ ፍለጋ፦ የአራት ወራት የቃላት ጥናቴ

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እዚሁ ጎንደር እየተገናኘን እንግሊዝኛ ለምንለማመድ ጓደኞቼ፣ በተራዬ የደረስኩበትን ላካፍል። ላለፉት አራት ወራት የያዝኩት ጀግንነትን የሚገልጹ የእንግሊዝኛ ቃላትን ሲሆን፣ ርእሱን የመረጥኩት በፋሲል ግቢ እንግዶችን ሳስጎበኝ ስለ ነገሥታቱም ሆነ ስለ ጦረኞቻቸው «ብሬቭ» በሚል አንድ ቃል ብቻ እየተናገርኩ እንደ ኖርኩ ስለ ተገነዘብኩ ነው።

ወደ ጥናቱ የገፋኝ አንድ ስሕተት ነው። ከአየርላንድ የመጡ አንዲት እናት ከትንሽ ልጃቸው ጋር ግቢውን ሲጎበኙ፣ ልጁ ከፍ ያለውን የድንጋይ ደረጃ ማንም ሳይደግፈው ሲወጣ አየሁና «ልጅዎ ቦልድ ነው» አልኳቸው፤ ደፋር ነው ማለቴ ነበር። ፊታቸው ተለወጠ፤ ልጁንም ጠርተው ምን እንዳጠፋ ጠየቁት። በኋላ እንዳስረዱኝ በእነርሱ አገር እንግሊዝኛ ቦልድ የሚባል ልጅ የማይታዘዝና ያስቸገረ ልጅ ነው። ይቅርታ ጠይቄ ተለያየን። ማታ ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን የእኛም «ደፋር» ከዚህ የራቀ አይደለም። «ደፋርና ጭስ መውጫ አያጣም» ስንል እያደነቅን ነው፤ የታላቁን ንግግር ያቋረጠ ልጅ «አንተ ደፋር!» ሲባል ግን ተግሣጽ መሆኑን ማንም አይስተውም። ሁለቱ ቃላት በመልካሙ ብቻ ሳይሆን በክፉውም ጎናቸው ይገጥማሉ፤ እኔ የሳትኩት ቃሉን ሳይሆን ሰሚዋን ነበር።

ከዚያ ወዲህ ለእያንዳንዱ ቃል በደብተሬ አንድ ገጽ እየሰጠሁ፣ ባለቤቱ ፍርሃት ተሰምቶታል ወይ፣ ተናጋሪውስ ድርጊቱን ይወደዋል ወይ ብዬ እጠይቃለሁ። «ፊርለስ» ፍርሃት ከነጭራሹ የሌለበት ነው። «ኢንትሬፒድ» ከላቲን «የማይርበተበት» ከሚል ቃል የመጣ ሲሆን፣ ዛሬ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ስለ ተጓዥና ስለ አሳሽ ስለሆነ፣ ወደ ስሜን ተራሮች ለሚወጣ እንግዳ ይስማማል። «ሪክለስ» ደግሞ መዘዙን ሳያስብ የሚገባ ነው፤ ምስጋና የለበትም። «ከሬጅ» ግን ከእነዚህ ሁሉ ይለያል፤ ፈርቶም ቢሆን የሚገባውን የሚያደርግ ሰው ያለው ነገር ነው። መነሻው በፈረንሳይኛ በኩል የላቲኑ «ኮር»፣ ማለትም ልብ ስለሆነ፣ ከእኛ «ልበ ሙሉ» ጋር አንድ ሥር የበቀለ ይመስላል። በአለቃው ፊት እየተንቀጠቀጠ እውነቱን የሚናገር ሠራተኛ ከሬጅ አለው ይባላል፤ ፊርለስ ግን አይባልም።

ብዙ ጊዜ የወሰደብኝና አብልጬ የወደድኩት የሰውነት ክፍሎቹ ነገር ነው። እኛ ጀግናውን «ሐሞተ ኮስታራ»፣ የፈራውን «ሐሞቱ ፈሰሰ» እንላለን። እንግሊዝኛም ሐሞትን የሚጠራበት «ጎል» የሚል ቃል አለው፤ ነገር ግን አንድ ሰው ይህ አለው ከተባለ ጀግና ሳይሆን ዓይን አውጣ ነው ማለት ነው። «ገትስ» አንጀት ነው፤ ለእነርሱ የጀግንነት ስፍራ ሲሆን ለእኛ የርኅራኄ ነው፤ «አንጀቴን በላው» የምንለው ለሚያሳዝነን ነውና። «ፕላክ» ከታረደ እንስሳ የሚወጣው የልብ፣ የጉበትና የሳንባ ስም ነበረ፤ ዛሬ ግን ከእርሱ የሚበረታውን ሳይፈራ የሚገጥም ደካማ ወይም ትንሽ ሰው ይወደስበታል። ስለዚህ ለንጉሠ ነገሥት አይሆንም፤ ከፍ አድርጎ እያየ የሚያደንቅ ቃል አይደለምና።

«ቫለር» በጦር ሜዳ ለታየ ጀግንነት የሚነገር፣ ክብር የተላበሰ ቃል ነው። በ1856 እ.ኤ.አ. በተመሠረተው የብሪታንያ ከፍተኛ የጦር ሜዳ ጀግንነት ሜዳይ፣ በቪክቶሪያ መስቀል ላይ የተቀረጸውም ይኸው ነው። መጀመሪያ የታሰበው «ለብሬቮቹ» የሚል ሲሆን፣ ንግሥቲቱ ሜዳዩን ያላገኙት ወታደሮች ጀግኖች አይደሉም እንዳያሰኝ ብለው «ለቫለር» በሚል አስለወጡት። አንዱ ሰውን፣ ሌላው ሥራን ይሰይማልና ልዩነቱ ትንሽ አይደለም። ይህ ሜዳይ በእኛ ታሪክ ውስጥም ገብቷል፤ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ስትያዝ ገደሉን ወጥተው የእሾሁን አጥር ጥሰው ቀድመው የገቡት የ33ኛው ሬጅመንት ሁለት ወታደሮች፣ ማግነርና በርጊን፣ ተሸልመውበታል። በዚያው ቀን ከቋራ የተነሡት ዐፄ ቴዎድሮስ እጅ ከመስጠት ሞትን መረጡ። ለእንግዶቼ ይህን ስተርክ ለወታደሮቹ ቫለር የሚለው ይበቃኛል፤ ለንጉሡ ግን ከጀግንነት ቃላት አንዱም አልበቃኝምና፣ አሁን የምጠቀመው «ዲፋያንት»ን ነው፤ እምቢ ባይ፣ የማይንበረከክ ማለት ነው።

በዚህ ወር ደግሞ የ«ብሬቭ»ን መነሻ ስከታተል «ብራቮ» ላይ ደረስኩ። ሁለቱ የአንድ ቤተሰብ ቃላት ናቸው፤ በጣልያንኛ ብራቮ ዛሬ በሥራው የጎበዘ ሰው ነው። የእኛም «ጎበዝ» በ«ጎበዝ አለቃ» ውስጥ ጦር የሚይዘው ብርቱ ወንድ ሲሆን፣ አስተማሪ ለተማሪው «ጎበዝ!» ሲል ግን ስለ ጦር የሚያስብ የለም። ከዚሁ ቤተሰብ «ብራቫዶ» የምትባል ክፉ እኅት አለች፤ ለታይታ የሚደረግ ጀግንነት ናት። ለረጅም ጊዜ ፉከራን በእርሷ ስተረጉም ነበር፤ አሁን ትቼዋለሁ። ፎካሪው የሠራውንና አባቶቹ የሠሩትን በሚያውቁት ሰዎች ፊት እየቆጠረ ስለሚናገር፣ ቃሉን ብራቫዶ ማለት ሐሰተኛ ማድረግ ነው። አሁን «ጦረኛ ገድሉን በግጥም የሚዘረዝርበት» ብዬ በረጅሙ አስረዳለሁ።

ለሚቀጥለው ወር «ወኔ»ን ይዣለሁ። በገጹ ላይ «ሜትል» ብዬ ጽፌ ነበር፤ ቃሉ ብረትን ከሚጠራው «ሜታል» ጋር ቀድሞ አንድ የነበረ፣ ሰው ሲፈተን የሚታየውን ጥንካሬ የሚገልጽ ነው። ነገር ግን «ወኔው ከዳው» እንላለን፤ ሜትል ግን ባለቤቱን ጥሎ ሲሄድ አልሰማሁምና ሰረዝኩት። ወኔ ሲነገር የሰማችሁበት ዓረፍተ ነገር ካለ፣ ለማንና በምን ጊዜ እንደ ተባለ ጭምር ጽፋችሁ ለቅዳሜ አምጡልኝ።