የእግር ሹራብ

ዛሬ ብርዱ አላስቀምጥ ቢለኝ ሠፈራችን ካለ ልብስ ቤት ገባሁ። በቅርቡ ከካርቱም የተመለሰች ጎረቤቴም አብራኝ ነበረች።

«ወንድሜ፣ ሹራብ አለህ?» አለችው ባለሱቁን።

ልጁ ፈጠን ብሎ ባለ ኮፍያ ሹራብ አወረደላት። ሳቅ አለችና እግሯን አነሳች። ነጠላ ጫማ፣ በዝናብ የራሰ ጣት።

«ካልሲ ማለቴ ነው። አፌ እዚያው ቀርቷል።»

ጥግ ላይ የተቀመጡ አንድ አባት ጣልቃ ገቡ። «ምኑን ተሳሳትሽ ልጄ? በእኛ ጊዜ የእግር ሹራብ ነበር የሚባለው።»

እውነታቸውን ነው። ሱዳኖች ዛሬም ካልሲን ሹራብ ይሉታል። ቃሉ ከዓረብኛው «ጀውረብ» የመጣ ነው፤ ዓረቦቹ ደግሞ ከፋርስ ወሰዱት። የድሮ የዓረብኛ መዝገበ ቃላት የፋርሱን ሥር «የእግር መቃብር» ብለው ይፈቱታል። (የእኔን ካልሲ ያሸተተ ሰው አይከራከርም።) እኛ ጋ ሲደርስ ግን ከእግር ተነስቶ ደረት ላይ ወጣ። እግሩን ለጣሊያንኛው «ካልሴ» ለቀቀለት።

ጎረቤቴ ባለ ኮፍያውንም ካልሲውንም ገዛች።

«የሁለት ሹራብ ሒሳብ ስንት ነው?» አለችው።

ልጁ ቀና ብሎ አባትየውን አያቸው።