ደንገጎ ላይ የወረዱት ፍራሾች

ረዳት ሆኜ በተቀጠርኩ በሁለተኛው ሳምንት ነው። አይሱዙው የስፖንጅ ፍራሽ ከድሬዳዋ ሐረር ያመላልሳል። የእኔ ሥራ ማስጫን፣ ማሰርና ከኋላ ቆሞ "ና! ና! በቃ!" ማለት ነበር። ከሦስቱ በደንብ የምችለው የመጨረሻውን ብቻ እንደሆነ የገባኝ ደንገጎ ዳገት ላይ ነው።

የዚያን ቀን ጠዋት ቀፊራ አካባቢ ካለ መጋዘን 42 ፍራሽ ጫንን። ክምሩ ከጋቢናው በላይ አልፎ ሄዷል። ሾፌራችን ወረቀት ሊያስፈርም ሲገባ "እሰረው፣ መጣሁ" አለኝ። ጋሼ ነው የምለው፤ ግን "አንተ" እያልኩ። በድሬ "አንቱ" ብዙም አይበረክትም፣ እሱም ብለው ይስቅብኛል።

ገመዱን ግራ መንጠቆ ላይ አስሬ በክምሩ ላይ ወረወርኩ፤ በቀኝ በኩል እግሬን ካሶኒው ላይ ተክዬ ጎተትኩና ቋጠርኩ። አንዱ ቋጠሮ አላስተማመነኝም፣ በላዩ ላይ ደገምኩ። ሰለስኩ። በአምስተኛው ላይ እንቁላል የሚያህል ነገር ተሠራ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው፣ ግን የድሬ ፀሐይ ሰዓት አታይም፤ ላቤን እየጠረግሁ ያንን እንቁላል ሳየው ኩራቴ አይጣል ነበር።

መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል። ድሬ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ፣ ሐረር ደግሞ 1,900 አካባቢ ናቸው፤ ዳገቱን አብዛኛውን የሚሸከመው ደንገጎ ነው። ጥምዝ በጥምዝ ላይ ነው። ሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተ ስንወጣ ከኋላችን አንድ ሚኒባስ መብራቱን ያብለጨልጭ ጀመር። ሊያልፈን መስሎን ጠርዝ ያዝንለት። አጠገባችን ሲደርስ ወያላው እስከ ወገቡ በመስኮት ወጥቶ "አቦ፣ ፍራሽህ! ፍራሽህን እያነጠፍከው ነው!" ብሎ ጮኸ።

ወርደን ስናይ ስድስት ፍራሽ የለም። አራቱ አስፋልቱ ላይ ተራርቀው ተኝተዋል፤ ሁለቱ ገደሉን ወርደው ከግራር ሥር ቆመዋል፣ ፍየሎች ከበዋቸዋል። ፍየል ጠባቂዎቹ ልጆች ተሸክመው አመጡልንና ለሻይ ተቀበሉን። አንዱን እሾህ ከዳር እስከ ዳር ቀዶታል።

የሚገርመው፣ የእኔ እንቁላል አልተፈታም። ቋጠሮው እንደተቋጠረ ነው፤ የላላው ገመዱ ነው። ለካ ስፖንጅ በየንቅናቄው እየተጨመቀ ይወርዳል፤ መጋዘን በር ላይ የተወጠረ ገመድ ደንገጎ ሲደርስ ክፍተት ያበጃል። ድርቡ ቋጠሮ ደግሞ የተገኘውን ያህል ያስራል እንጂ ተጨማሪ አይወጥርም። እንደገና እንድናስረው ልፈታው ስል እምቢ አለ። በጥፍሬ ሞከርኩ፣ በጥርሴ ሞከርኩ፣ ጋሼ በካቻቢቴ ሞከረ። በመጨረሻ ቢላ አውጥቶ ቆረጠውና እንቁላሏን መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ።

"ይሄን ቋጠርከው ወይስ ቀበርከው?"

መልስ አልነበረኝም። ይጮኽብኛል ብዬ ስጠብቅ ገመዱን አነሳ። አባቱ ባቡር ጣቢያው ዕቃ ጫኝ ነበሩ። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬ ስለደረሰ አይደል ከተማዋም የተቆረቆረችው፤ የጭነት ነገር እዚያ ሰፈር ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ ሙያ ነው። "አባቴ ለእኔ ያሳየኝ በኩርኩም ነው፣ አንተ ዕድለኛ ነህ" አለኝ።

"ገመዱ ከጭነቱ ወደ አንተ ይወርዳል። በደረትህ ልክ ያዝና አንድ ዙር ጠምዝዘው። አሁን ከዙሩ በታች፣ ወደ ጫፉ ከሚሄደው ገመድ እጥፍ አድርገህ በዙሩ ውስጥ አሾልክ። ጆሮ ወጣልህ? ጥበቅ አድርገው። ጫፉን ወደ ታች በመንጠቆው አዙረህ መልስና በጆሮው አሳልፍ። አሁን ወደ ታች ሳብ።"

ሳብኩ። ጆሮው እንደ አፍ ገጥሞ ገመዱን ነከሰው። ጋሼ ሳቀ። "ገልብጠህ ነው የሠራኸው። እጥፉን ያሾለክኸው ከላይኛው ገመድ ነው። ከላይ ሲሳብ የሚጠብ ጆሮ ሸምቀቆ ነው፤ ሸምቀቆ ለዶሮ ሌባ ነው። ፍታና ከታችኛው ሥራው።" በሦስተኛው ሙከራ ተሳካ። ጆሮውን ሠርቼ ከመጠቀሜ በፊት የላይኛውን ገመድ ጎትቼ ማየት ከዚያ ቀን ጀምሮ ልማዴ ሆነ።

ከዚያ ስስበው ያየሁትን አልረሳም። በእግሬ ተክዬ እንኳ ያልበገርኩት ክምር በሁለት እጄ ስስበው ትንፋሹን እያስወጣ ተቀመጠ። ጆሮው የገመድ መዘውር ነው፤ በስሌት አንድ ስትስብ ጭነቱ ላይ ሦስት ይሆናል። እርግጥ ገመድ በገመድና በብረት ላይ ሲፋተግ ብዙውን ሰበቃው ይበላዋል፣ ግን የተረፈውም ከእኔ ጉልበት ይበልጥ ነበር። እንዲያውም አበዛሁትና የዳሩን ፍራሽ እንደ ሸንቃጣ ወገብ አድርጌ አሰርኩት። ጋሼ አላልቶ በገመዱ ሥር ካርቶን አስገባ።

የሚያስቸግረው ከሳቡ በኋላ ያለው ነው። ጆሮው ላይ ገመዱን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ቆንጥጦ መያዝ ያስፈልጋል፤ ካላደረጉት ያተረፉት ሁሉ ተመልሶ ይሄዳል። በሌላው እጅ ጫፉን ከጆሮው በታች ባሉት ገመዶች ላይ አዙሮ መቋጨት ነው፤ ጫፉን ሁሉ አሳልፎ ሳይሆን እንደ ጫማ ክር እጥፉን አሾልኮ። እሱንም ሁለቴ፣ የናይለን ገመድ ያንሸራትታላ። ጋሼ አንድ ነገር ደግሞ ነገረኝ፤ ጆሮውን ሁልጊዜ ገመዱ ላይ አንድ ቦታ አትሥራ፣ ፍትጊያው ያን ቦታ ይበላዋልና ቦታ ቀያይር።

ሰላሳ ስድስቱን ከነበሩበት፣ ስድስቱን ከላይ ደርድረን ሄድን። አዴሌ ስንደርስ ቆመ። "ምነው?" ስለው "ውረድና ንካው" አለኝ። ገመዱ ትንሽ ላልቷል። መቋጫውን መዝዤ፣ አንዴ ስቤ መለስኩት፤ አንድ ደቂቃ አልፈጀም። አወዳይ የጫት ግርግር ውስጥ ደግመን ነካነው፣ እዚያ ደህና ነበር።

ሐረር ሸዋ በር ስንደርስ ጫኝና አውራጆቹ ቢላ ይዘው ቀረቡ፤ ከእኔ ጋር ሁለት ሳምንት ሠርተዋል፣ ያውቁኛል። ጫፏን ይዤ መዘዝኩ። ሁለቱ መቋጫ ተራ በተራ ተፈቱ፣ ጆሮውም ስስበው ጠፋ፣ ገመዱ ቀጥ ብሎ ወረደ። ማንም ምንም አላለም። እኔ ግን ዞር ብዬ ጋሼን ፈለግሁት፤ ስለተቀደደው ፍራሽ ከባለሱቁ ጋር እየተከራከረ ነበር። ግማሹ ከእኔ ደመወዝ ተቆረጠ፣ ግማሹን እሱ ከፈለ። "ሳላይ ነው የነዳሁት" አለ።

ማታ ድሬ ተመልሰን ግቢ ስገባ እጄ አላርፍ ብሎ የልብስ ማስጫውን ገመድ ፈትቼ እንደገና ወጠርኩት። ጠዋት የተነሳሁት በእናቴ ድምፅ ነው፤ "ማነው ገመዴን ክራር ያደረገው?"